የውጭ አገር ሠራተኞችን ለመቅጠር የተጠቀምንበት የሕግ ማማከር አገልግሎት
ሦስት የውጭ አገር ባለሙያዎችን ለመቅጠር ስንነሣ የሥራ ፈቃዱን እንዲያስጨርስልንና የቅጥር ውሉን እንዲያዘጋጅልን ከአንድ የሕግ አማካሪ ድርጅት ጋር ተዋውለን ነበር። ከሁሉ በላይ ያረካኝ የውሉ ረቂቅ ነው፤ ደመወዙ፣ የሥራ ሰዓቱ፣ የዓመት ዕረፍቱና የስንብት ማስጠንቀቂያ ጊዜው ሠራተኛው በሚረዳው ቋንቋ ተጽፈው፣ ከአገሩ ከመነሣቱ በፊት እጁ እንዲገቡ ተደርጓል። አማካሪዋም ፓስፖርቶቹን «ለጥንቃቄ» በካዝና እናስቀምጥ የሚለውን ሐሳባችንን ወዲያው ውድቅ አድርገው፣ የመታወቂያ ሰነድ መያዝ የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ከዘረዘራቸው 11 የግዳጅ ሥራ ጠቋሚዎች አንዱ መሆኑን አስረድተውናል (በቅንነት ያሰብነው ነበርና ማፈራችን አልቀረም)።

የፈቃዱ ጉዳይ ያለ እንከን አልቋል። ቅሬታዬ የሕግ አማካሪ ድርጅቱ ባገናኘን የቅጥር ኤጀንሲ ላይ ነው፤ ከሠራተኞቹ «የምዝገባ» ገንዘብ መቀበሉን የሰማነው ሥራ ከጀመሩ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የጸደቀው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ቁጥር 181 ስምምነት፣ ውስን ልዩ ሁኔታዎችን ቢፈቅድም፣ የግል ኤጀንሲዎች ከሠራተኛ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ እንዳይጠይቁ ይከለክላል። ገንዘቡ በጥያቄያችን ተመልሷል፤ ይሁን እንጂ አስቀድሞ ማጣራቱ የአማካሪ ድርጅቱ ድርሻ ነበር። በተጨማሪም ፈቃዱ ከአንድ አሠሪ ጋር የተሳሰረ ሆኖ ሳለ፣ ሠራተኛው ቢሰናበት የመኖሪያ መብቱ ምን እንደሚሆን አልተብራራለትም፤ ይህን ያላወቀ ሰው ደግሞ በደል ቢደርስበት እንኳ አቤት ለማለት ይፈራል። ወደፊት የውሉን ዝግጅት ለአማካሪ ድርጅቱ እንሰጣለን፤ የኤጀንሲውን ምርጫ ግን ራሳችን እናደርጋለን።