ከፈተናው የቀሩት የጂማት የሰዋስው ጥያቄዎች ለባለቤትና ለግስ ስምምነት ልምምድ ይረባሉ?

ጊዜና ገንዘብ የሚያድነው ነገር ይቅደም። ለቢዝነስ ትምህርት ቤቶች መግቢያ የሚሰጠው ጂማት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 «ፎከስ ኤዲሽን» ወደተባለው አዲስ ቅርጹ ሲዞር ሰንተንስ ኮሬክሽን የተባለው ዓረፍተ ነገር የማረም የጥያቄ ዓይነት ሙሉ በሙሉ ቀርቷል። የድሮው ፈተናም በጃንዋሪ 2024 ማብቂያ ላይ ተዘግቷል። ዛሬ ቨርባል የሚባለው የቋንቋ ክፍሉ 23 ጥያቄ በ45 ደቂቃ ነው፤ የሚጠየቀውም ንባብን መረዳትና ክሪቲካል ሪዝኒንግ (የክርክርን አመክንዮ መመርመር) ብቻ ነው። የድርሰት ክፍሉም የለም። ስለዚህ ለጂማት ብቻ የሚዘጋጅና እንግሊዝኛው የማያስቸግረው ሰው በነዚህ ጥያቄዎች ላይ አንድ ምሽት እንኳ ማጥፋት የለበትም። ይህን ከፊት ያስቀመጥነው እነዚህን ጥያቄዎች የያዙት ያረጁ የጥያቄ መድብሎች አሁንም «የጂማት ዝግጅት» እየተባሉ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚዘዋወሩ ነው።

ታዲያ ለማን ይሆናሉ? በዋናነት ለጂአርኢ ተፈታኞች፣ ማለትም ለድኅረ ምረቃ ትምህርት መግቢያ የሚሰጠውን ሌላውን ፈተና ለሚወስዱ። ጂአርኢ በቨርባል ክፍሉ ሰዋስውን በቀጥታ አይጠይቅም። ነገር ግን በ30 ደቂቃ ውስጥ አንድ ድርሰት ያስጽፋል፤ የሚጻፍበት ፕሮግራም ደግሞ የፊደልም የሰዋስውም አራሚ የለውም። ድርሰቱ ከ0 እስከ 6 በግማሽ ነጥብ ልዩነት ይታረማል። በመመዘኛው ላይ 6 ያገኘ ድርሰትም ጥቃቅን ስህተት ሊኖረው እንደሚችል ተጽፏል፤ አንድ የተሳሳተ «ኢዝ» ማንንም አይጥልም። በየአንቀጹ ሲደጋገም ግን አራሚው ጸሐፊው ቋንቋውን አልተቆጣጠረም ወደሚል ድምዳሜ ይሄዳል። ሁለተኛው ተጠቃሚ በሁለቱም ፈተናዎች ረጃጅም ዓረፍተ ነገር ሲገጥመው ማን ምን እንዳደረገ የሚጠፋበት አንባቢ ነው። ግስን ይዞ ባለቤቱን መፈለግ ለሰዋስው ብቻ ሳይሆን ለንባብም የሚያገለግል ችሎታ ነውና።

የጥያቄዎቹ አሠራር ቀላል ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ይሰጣል፣ ከፊሉ ወይም ሙሉው ይሰመርበታል፣ ከሥሩ አምስት አማራጭ ይደረደራል። የመጀመሪያው አማራጭ ሁልጊዜ የተሰመረበትን እንዳለ የሚደግም ነው፤ «ስህተት የለውም» የሚለው መልስ እሱ ነው። በድሮው ፈተና የቨርባል ክፍል 36 ጥያቄ በ65 ደቂቃ ነበር፤ ሲሶ ያህሉ ከዚህ ዓይነት ስለነበር ተፈታኞች ለንባቡ ጊዜ ለመቆጠብ እያንዳንዱን በ80 ሰከንድ አካባቢ ለመጨረስ ይሞክሩ ነበር። አሁን ለልምምድ ሲሠሩ ሰዓቱን ችላ ማለት ይሻላል። መቸኮል የሚያመጣው በጆሮ መገመትን ነው፣ በጆሮ መገመት ደግሞ እዚህ ጥያቄ ላይ የተዘጋጀው ወጥመድ ራሱ ነው።

የመድብሉ ትልቁ ጥንካሬ የተሳሳቱት አማራጮች ጥራት ነው። ተራ የሰዋስው መልመጃ ባዶ ቦታ ትቶ «ኢዝ ወይስ አር» ብሎ ይጠይቃል፤ ሠሪው የሚፈተነው ስምምነት መሆኑን ገና ሳይጀምር ያውቃል። እዚህ ግን ስምምነቱ ከሌሎች ስህተቶች ጋር ተደባልቆ ነው የሚመጣው። በጥያቄዎቹ ልክ የተሠራ አንድ ምሳሌ እንይ፦ «ዘ ራይዝ ኢን ዘ ፕራይስስ ኦፍ ኢምፖርትድ ማቴሪያልስ፣ አሎንግ ዊዝ ሾርቴጅስ ኦፍ ስኪልድ ወርከርስ፣ ሃቭ ፎርስድ ሜኒ ፋክተሪስ ቱ ክሎዝ»። የተሰመረበት ከ«ሃቭ» ጀምሮ እስከ መጨረሻው ነው እንበል።

ከግሱ በፊት ፕራይስስ፣ ማቴሪያልስ፣ ሾርቴጅስ፣ ወርከርስ የሚሉ አራት የብዙ ቁጥር ስሞች ተደርድረዋል። ጆሮ በነሱ ተሞልቶ «ሃቭ» ላይ ሲደርስ ምንም አይጎረብጠውም። ባለቤቱ ግን «ራይዝ» ነው፣ ነጠላ። «ኢን» እና «ኦፍ» ያስከተሏቸው ስሞች የመስተዋድድ ሐረግ አካል ስለሆኑ ባለቤት መሆን አይችሉም። «አሎንግ ዊዝ»ም እንደ «ኤንድ» ሁለት ባለቤት አይፈጥርም። ይህን ለማስታወስ የራሳችን ቋንቋ ያግዛል፦ «እናትየዋ ከልጆቿ ጋር መጣች» ስንል ግሱ የሚከተለው እናትየዋን ነው። «አዝ ዌል አዝ»፣ «ቱጌዘር ዊዝ»፣ «ኢን አዲሽን ቱ» ሁሉም በዚሁ ሕግ ይሄዳሉ።

አሁን አማራጮቹን እንደርድር። ኤ «ሃቭ ፎርስድ» ይላል፣ ወደቀ። ሲ «አር ፎርሲንግ» ይላል፣ በዚያው ምክንያት ወደቀ። ዲ «ፎርሲንግ» ብቻ ይላል፤ የቁጥር ችግር የለበትም፣ ነገር ግን ዓረፍተ ነገሩን ያለ ግስ አስቀርቶታል። ኢ «ሃዝ ፎርስድ» ብሎ ስምምነቱን ካስተካከለ በኋላ «ሜኒ ፋክተሪስ ዛት ዘይ ክሎዝ» ሲል ሌላ ቦታ ይሰበራል። የሚተርፈው ቢ ነው፦ «ሃዝ ፎርስድ ሜኒ ፋክተሪስ ቱ ክሎዝ»። ስምምነቱን ብቻ ያየ ሰው ሁለት አማራጭ ይጥልና በሦስት መካከል ይቀራል። ዲ ደግሞ ቁጥር የማይታይበት ቃል ስለሆነ ሸሽቶ ማምለጫ ይመስላል፤ ስምምነቱ ያደናገረው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው እዚያ ነው።

አንዳንዶቹ ጥያቄዎች ነገሩን ይገለብጡታል፤ ግሱ ከመስመሩ ውጭ ሆኖ አይነካም፣ የተሰመረበት ባለቤቱ ነው። ያኔ ግሱን እንዳለ ተቀብሎ ለእሱ የሚስማማ ባለቤት ያለውን አማራጭ መፈለግ ነው። ያልተሰመረበትን ክፍል ሳያነቡ ወደ አማራጮቹ የሚሮጡ ሰዎች የሚሳሳቱት እነዚህ ላይ ነው።

የወጥመዶቹ ዓይነት ሰፊ ነው፣ አንዳንዱም ከሌላው ይበልጣል። «ዘ ነምበር ኦፍ» ነጠላ ግስ፣ «ኤ ነምበር ኦፍ» የብዙ ግስ ይወስዳሉ፤ የመጀመሪያው ስለ ቁጥሩ፣ ሁለተኛው ስለ ሰዎቹ ወይም ስለ ነገሮቹ ስለሚናገር። «ኢች» እና «ኤቭሪ» ከፊት ሲቆሙ ባለቤቱን ነጠላ ያደርጉታል፣ በ«ኤንድ» የተጣመሩ ሁለት ስሞችን እንኳ። «ኢች» ከብዙ ባለቤት በኋላ ሲመጣ ግን ግሱን አይነካም፦ «ዘይ ኢች ሃቭ» ትክክል ነው። «አይዘር… ኦር» እና «ናይዘር… ኖር» ላይ ግሱ ለእሱ ቅርብ የሆነውን ስም ይከተላል፤ ቅርብ ያለውን ስም ማመን የሚያዋጣበት ቦታ ይኸው ነው ማለት ይቻላል። «ሰም»፣ «ኦል»፣ «ሞስት»፣ ክፍልፋይና ፐርሰንት ከ«ኦፍ» በኋላ ያለውን ስም ስለሚከተሉ እዚያም የመስተዋድድ ሐረግን ዝለል የሚለው ሕግ አይሠራም። ይህን ልዩነት ያልያዘ ሰው ሕጉን በደንብ በተማረ ቁጥር እነዚህን ይስታል።

ከሁሉም የሚከብደው «ዋን ኦፍ» ነው። «ዋን ኦፍ ዘ ስተደንትስ» ብሎ ወዲያው ግስ ቢያመጣ ግሱ ነጠላ ነው፣ ባለቤቱ «ዋን» ስለሆነ። በመሀል «ሁ» ወይም «ዛት» ከገባ ግን ከ«ሁ» ቀጥሎ ያለው ግስ የተማሪዎቹ ነው፣ ስለዚህ የብዙ ይሆናል። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለቱም ሊመጡ ይችላሉ፦ ከ«ሁ» ቀጥሎ «አር»፣ ወረድ ብሎ ለ«ዋን» «ኢዝ»። እንዲህ ያለ ጥያቄ ላይ ግሶቹን መቁጠርና ለእያንዳንዱ ባለቤቱን በወረቀት መጻፍ እንጂ ደጋግሞ ማንበብ ምንም አይጨምርም።

የተገለበጠ ቅደም ተከተልም አለ። «አመንግ ዘ ሩይንስ» ብሎ ጀምሮ ግሱን አስቀድሞ ባለቤቱን ከኋላ ያመጣል፤ እዚህ ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ፊት መፈለግ ነው። «ዜር ኢዝ» እና «ዜር አር»ም እንዲሁ። በ«ኢንግ» የሚያልቅ ባለቤት የብዙ ቁጥር ስም ቢከተለውም ነጠላ ነው። ኮሚቴና ቡድንን የመሳሰሉ የጥቅል ስሞች ፈተናው በሚከተለው የአሜሪካ እንግሊዝኛ ነጠላ ናቸው። «ፌኖሚና» እና «ክራይቴሪያ» ግን በ«ኤስ» ባያልቁም ብዙ ናቸው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ «ዲማንድ ዛት ሂ ቢ» የሚለውን ሲያዩ ግሱ ተሳስቷል ብለው አይጣሉት። ከጥያቄና ከትእዛዝ ግሶች በኋላ የሚመጣው ግስ ከነጠላ ባለቤት ጋርም «ኤስ» አይወስድም።

ድክመቱ ማብራሪያው ላይ ነው። የፈተናው ባለቤት የሆነው ድርጅት ጂማክ ባወጣቸው መድብሎች ከእያንዳንዱ መልስ ጋር ጥያቄው ምን እንደፈተነ የሚናገር አጭር ርዕስ፣ ስለ ዓረፍተ ነገሩ አንድ አንቀጽና ለአምስቱም አማራጮች አስተያየት ይሰጣል። ትክክል ነው፣ ነገር ግን «የብዙ ግሱ ከነጠላው ባለቤት ጋር አይስማማም» ብሎ ያልፋል። ባለቤቱ እንዴት እንደተገኘ አይነግርም፤ ለሳተው ሰው ደግሞ የጠፋው እሱ ነው። ሌላው ችግር ጥያቄዎቹ የተደረደሩት በክብደት እንጂ በርዕስ አለመሆኑ ነው። ስምምነትን ብቻ ለመለማመድ የፈለገ ሰው መልሱን ገልጦ ርዕሶቹን እየለቀመ ማውጣት አለበት፤ ርዕሱን ባየ ጊዜ ደግሞ የጥያቄው ግማሽ ተፈታ ማለት ነው። መፍትሔው የጥያቄ ቁጥሮቹን ሌላ ሰው እንዲለቅም ማድረግ ነው፣ ከስምምነት ውጭ ያሉትንም ሲሶ ያህል ቀላቅሎ።

አሠራሩ እንዲህ ቢሆን ይመረጣል። በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 12 ጥያቄ ይበቃል። አማራጮቹን በወረቀት ይሸፍኑ። ዓረፍተ ነገሩን አንብበው ጊዜ የሚያሳዩትን ግሶች ብቻ ያክብቡ፤ በ«ቱ» የሚጀምሩትና ብቻቸውን የቆሙ «ኢንግ» ቃላት አይቆጠሩም። ለእያንዳንዱ ግስ «ማን?» ወይም «ምን?» ብለው ይጠይቁና መልሱን በአንድ ቃል ይጻፉ። በመሀል ያለውን የመስተዋድድ ሐረግና በሁለት ነጠላ ሰረዝ የታጠረውን በቅንፍ ይክተቱ። ከዚያ በኋላ ብቻ አማራጮቹን ገልጠው ከላይ ወደ ታች ግሶቹን ብቻ ያነጻጽሩ፤ «ሃዝ» ያሉትንና «ሃቭ» ያሉትን ለሁለት ይክፈሉ። የቀሩትን በሌላ ስህተት ይለዩ። መልስ ሲያርሙ ያገኙትን ውጤት ሳይሆን የጻፉትን ባለቤት ያረጋግጡ። በተሳሳተ ባለቤት ትክክለኛ መልስ ማግኘት ይቻላል፣ እሱም እንደ ስህተት ይመዝገብ።

ይህ ልምምድ ወደ ድርሰት ሳይሻገር ከቀረ ለጂአርኢ ተፈታኝ ጥቅሙ ግማሽ ነው። በእንግሊዝኛ ስም ሲበዛ «ኤስ» ይጨምራል፣ የአሁን ጊዜ ግስ ደግሞ ባለቤቱ ነጠላ ሲሆን «ኤስ» ይጨምራል፤ ሁለቱም አንድ ላይ ሲኖራቸው ወይም ሁለቱም ሲያጡ መጠርጠር ነው። ኃላፊ ጊዜ ከ«ዋዝ» እና «ወር» በስተቀር ስምምነትን አያሳይም፣ «ካን» እና «ሜይ»ም እንዲሁ። የድርሰት ስህተት የሚበዛው እንግዲህ በአሁን ጊዜ በተጻፉ አጠቃላይ አስተያየቶች ላይ ነው፣ የጂአርኢ ርዕሶች ደግሞ የሚያስጽፉት አብዛኛውን እሱን ነው። በአማርኛ «ብዙ ሰው ያምናል» ስለምንል «ሜኒ ፒፕል» ብሎ ነጠላ ግስ ማስከተል የተለመደ ስህተት ነው። ከ30 ደቂቃው የመጨረሻውን ሁለት ደቂቃ ለግሶች ብቻ መመደብ፣ ከታች ወደ ላይ በዓረፍተ ነገር እየዘለሉ ማየት ይጠቅማል።

ከሌሎች አማራጮች ጋር ሲነጻጸር፣ የሰዋስው አራሚ ፕሮግራሞች ስህተቱን ስለሚያርሙልዎ ፈልጎ ማግኘትን አያለማምዱም፤ በረጅም ዓረፍተ ነገር ላይም ራሳቸው ቅርብ ባለው ስም የሚታለሉበት ጊዜ አለ። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ጥያቄዎች በብዛት ይገኛሉ፣ ግን ሁለት ትክክለኛ መልስ ያላቸው ወይም ትክክለኛው በርዝመቱ ብቻ የሚለይ ይቀላቀልባቸዋል። ባዶ ቦታ ሙላ የሚሉት መልመጃዎች ሕጎቹን ገና ለማያውቅ ጀማሪ ለመጀመሪያው ሳምንት ይሆናሉ፣ ከዚያ በኋላ አያሳድጉም።

የሚገዛ ሰው «ፎከስ ኤዲሽን» የሚል የተጻፈበትን ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ መድብል አይውሰድ፤ ሰንተንስ ኮሬክሽን የለበትም። ከዚያ በፊት የወጣ የትኛውም እትም ያገለግላል፣ የስምምነት ሕጉ በእትሞች መካከል አልተቀየረምና ያገለገለና ርካሽ የሆነው ይበቃል። የቀድሞው ባለቤት መልሶቹን በእስክሪብቶ አክብቦባቸው ከሆነ ግን ይተውት። በኮፒ ወይም በስካን የተባዛ ከሆነም ከመክፈል በፊት አምስት ስድስት ገጽ ገልጦ ማየት ያስፈልጋል። በተባዙ ቅጂዎች ላይ ከዓረፍተ ነገሩ ሥር ያለው መስመር ብዙ ጊዜ ይጠፋል፤ ያለ መስመሩ የትኛው እንደሚቀየርና የትኛው እንደማይነካ ማወቅ አይቻልም።