8×42 ባይኖኩላር፦ ከሐይቅ ዳር እስከ ሸለቆ አፋፍ

በጸደይ ወፍ ለማየት የሚወጣ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ 10×42 ባይኖኩላር (ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ ባለሁለት ቱቦ መነጽር) ላይ ያርፋል፤ ቁጥሩ ትልቅ ነዋ። ጠዋት ሐይቅ ዳር ውሎ ከሰዓት ወደ ሸለቆ ለሚያቀና ግን 8×42 ይሻላል።

8 ማለት 400 ሜትር ላይ የምትዋኝ ዳክዬ 50 ሜትር ላይ ያለች ያህል ትታያለች ማለት ነው። 42ቱ የፊት ሌንሱ ወርድ በሚሊ ሜትር ነው። 42 ለ8 ሲካፈል 5.25 ይሆናል፤ ወደ ዓይን የሚመጣው የብርሃን ክብ ወርድ ይኸው ነው። በ10×42 ግን 4.2 ብቻ። ቀትር ላይ ልዩነቱ አይታወቅም። ጎህ ሲቀድ ሸንበቆ ሥር የተወሸቀች ቡናማ ወፍ ስትፈለግ ግን ያኔ ይታወቃል። 8ቱ ሰፋ ያለ ቦታም ስለሚያሳይ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ የምትዘል ወፍ ቶሎ አታመልጥም። ሸለቆ አፋፍ ላይ ነፋስ እጅን ሲያወዛውዝም የ10ሩ ምስል ይበልጥ ይንቀጠቀጣል።

“ምስሉ ጥርት አይልም” ከሚሉ ሰዎች ብዙዎቹ የያዙት ዕቃ ደህና ነው፤ ያላስተካከሉት ራሳቸው ናቸው። ሁለቱን ቱቦዎች አጥፎ ወይም ዘርግቶ አንድ ክብ እስኪታይ ማስተካከል ይቀድማል። ከዚያ የቀኙን የፊት ሌንስ በእጅ ከልሎ፣ ሁለቱንም ዓይን ሳይጨፍኑ፣ በመሃሉ መዘውር የሩቅ ጽሑፍ ወይም ቅርንጫፍ ማጥራት። ቀጥሎ ግራውን ከልሎ መዘውሩን ሳይነኩ በቀኝ ዓይን በኩል ባለው ቀለበት ያንኑ ነገር ማጥራት። የቀለበቱን ቦታ ማስታወስ ይበጃል፤ ከቦርሳ ሲወጣ ሳይታወቅ ይዞራልና። መነጽር የሚያደርግ ሰው የዓይን ጎማውን ወደ ውስጥ ያስገባ። ሲገዛም ምስሉ ሙሉ የሚታይበት ርቀት ከሌንሱ ቢያንስ 15 ሚሊ ሜትር መሆኑን ያረጋግጥ፤ ካነሰ ጠርዙ ጠቁሮ ይቆረጣል።

ረፋዱ ላይ ሐይቁ ማዶ ያሉ ወፎች እንደ ጭስ ሲርገበገቡ መዘውሩን ማሽከርከር ከንቱ ድካም ነው። ከሞቀ መሬትና ከውሃው የሚነሳው አየር ብርሃኑን እያጠፈው ነው፤ ውድ ሌንስም አያድነውም፣ ማጉላቱ በጨመረ ቁጥር ደግሞ ይብሳል። ሐይቁን በማለዳ፣ ፀሐይን ከጀርባ አድርጎ መጨረስ ነው። ሸለቆው ከሰዓትም አያሳፍርም፦ መሬቱ ሲሞቅ ሽቅብ በሚወጣው አየር ላይ ጭልፊትና ንስር ይንሳፈፋሉ፤ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ቁልቁል የክንፋቸውን ጀርባ ያያል፤ ሜዳ ላይ ይህ ብርቅ ነው።

ድክመቱን አንደብቅ። ብዙዎቹ ከ600 እስከ 800 ግራም ይመዝናሉ፤ በቀጭን ማንገቻ አንገት ላይ ሲውል አንገት ይቆርጣል። ክብደቱን በሁለቱ ትከሻ የሚያካፍል ማንገቻ መግዛት ያዋጣል። ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው የሚመሳሰሉ የውሃ ዳር ወፎችን ለመለየት ደግሞ 8 አይበቃም፤ ትራይፖድ (ባለሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ የሚቆም ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል።

ያገለገለ የሚገዛ ሰው የሩቅ ጣሪያ ጠርዝ እያየ ባይኖኩላሩን ከዓይኑ ቀስ አድርጎ አንድ ስንዝር ያህል ያርቅ። የጠርዙ መስመር በሁለቱ ክቦች አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ብሎ ከታየ ባይኖኩላሩ ወድቆ ፕሪዝሙ (ብርሃኑን የሚያጥፈው የውስጥ መስታወት) ተናግቷል፤ ያንን ይዞ መዋል ራስ ምታት ነው፣ ጥገናውም እንደ ዕቃው ሊወደድ ይችላል። ሌንሱ ላይ እንደ ጸጉር የቀጠኑ ጭረቶች ካሉ ባለቤቱ አቧራውን እፍ ሳይል በሸሚዙ ይጠርገው ነበር ማለት ነው። ጥቂት ጭረት ምስሉን ብዙም አይጎዳውም፤ ዋጋ ለማስቀነስ ግን በቂ ምክንያት ነው።