ማሽኑን ከመንካቱ በፊት እማማን የጠየቀው ባለሙያ

ይህን የምጽፈው አንድ ልጅ ለማመስገን ነው። የምግብ ቤት ኩሽና ያላችሁ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ትልቁ የዕቃ ማጠቢያ ማሽናችን ሁለት ወር አስለቅሶናል። ይነሳል፣ ጥቂት ደቂቃ ይሰራል፣ ከዚያ ብሬከሩ ይወርዳል። የኩሽናው ግማሽ አብሮ ይጨልማል። ምሳ ሰዓት ላይ የሚከመረውን ሳህን እናንተው ገምቱት።

መጀመሪያ የመጣው ሰው ገና ሽፋኑን ሳይፈታ «ቦርዱ ነው» አለ። ቦርድ ተገዛ። አሮጌውን ይዞት ሄደ። በሦስተኛው ቀን ያው ሆነ፤ ስደውልለት አያነሳም።

ሁለተኛው ደግሞ ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላው «ጨርሻለሁ» ብሎ ሒሳቡን ተቀበለ። እውነትም ብሬከሩ መውረዱን አቆመ። ደስ ብሎን መርቀን ሸኘነው። ምን እንዳደረገ ዝቅ ብዬ እነግራችኋለሁ፤ እስካሁን ሳስበው ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

ከጥቂት ቀን በኋላ ማሽኑ ላይ የሚሰሩት እማማ «ልጄ፣ ስነካው ይነዝረኛል» አሉኝ። እኔም «እጅዎ እርጥብ ሆኖ ነው፣ ጓንት ያድርጉ» ብዬ አለፍኩ። መጻፉ ይከብደኛል፤ ግን ያልኩት እንዲያ ነው። ደግመው ሲነግሩኝ ነው ማሽኑን ያስቆምኩት። ሦስተኛ ሰው ጠራሁ። ቆሞ አየውና «አርጅቷል፣ አዲስ ግዙ» ብሎ ወጣ።

በመጨረሻ አንድ ወዳጄ ይህን ልጅ ጠቆመኝ። እግዚአብሔር ይስጠው።

ማታ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል መጣ። ቦርሳውን አስቀመጠና «እዚህ ላይ የሚሰራው ማነው?» አለ። እማማ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ወጡ። አበላሹ ተብለው የሚጠየቁ መስሏቸው ፊታቸው ተለዋውጧል። ልጁ ወንበር አቀረበላቸው። እሱ ቁጢጥ አለ። «እማማ፣ ይህን ማሽን ከእርስዎ በላይ የሚያውቀው የለም። ብሬከሩ ይወርድ የነበረው መቼ መቼ ነው? የሚነዝርዎትስ?»

ሁሉንም ያውቁ ነበር! ውሃ ሲሞላ ደህና ነው። ፓምፑ ሲዞርም ደህና ነው። ይወርድ የነበረው የማሞቂያው መብራት ሲበራ ብቻ ነው። አሁን የሚነዝራቸውም ያው መብራት በርቶ ሳለ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ማንም አልጠየቃቸውም። እኔም ጭምር።

ልጁ ተነስቶ ኮረንቲውን ከዋናው ሳጥን አጠፋ። ሳጥኑን ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ያም አልበቃው ብሎ እጁን ከመስደዱ በፊት በቴስተር ለካ። ከዚያ የታችኛውን ሽፋን ፈታ። ፈታና ዝም አለ።

«ይህን ማነው የቆረጠው?»

አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ነው። ጫፉ በናስትሮ ተጠቅልሏል። የመሬት ሽቦው ነው አለኝ። ማሽኑ ኮረንቲ ሲያፈስ ወደ መሬት የሚወስደው፣ ብሬከሩም እንዲወርድ የሚያደርገው እሱ ነው። ሁለተኛው ሰውዬ ብሬከሩን ዝም ያሰኘው ይህን ቆርጦ ነው። መሄጃ ያጣው ኮረንቲ ማሽኑ ገላ ላይ ቀርቶ እማማን ይጠብቅ ነበር። እርጥብ እጅ፣ እርጥብ ወለል። ጉልበቴ ከዳኝ።

ልጁ ወደ እሳቸው ዞረ። «እማማ፣ እውነትዎን ነበር። እንኳንም ተናገሩ» አላቸው። ዓይናቸው እንባ ሞላ። የኔም።

ዋናው ብልሽት ውሃ የሚያሞቀው ሬዚስታንስ ነበር። አውጥቶ አሳየን። ከውሃው የሚቀረው ነጭ ነገር እንደ እንቁላል ቅርፊት ለብሶታል፣ ከሥሩም ተሰንጥቋል። ሌላም ብዙ አስረድቶኛል፤ እኔ የገባኝ ይሄ ነው።

የነገው ምሳ አሳሰበኝና «አዲሱ እስኪመጣ ያለ ማሞቂያ ብናሰራውስ?» አልኩት። «አይሆንም» አለ። የኛ ዓይነት ማሽን የመጨረሻው ማለቅለቂያ ውሃ 82 ዲግሪ ካልደረሰ ሳህኑ ለዓይን ይጠራል እንጂ ጀርሙ አይሞትም። በእጅ እጠቡ ብሎን ሄደ። ገንዘቡን ተቀብሎ «እሺ» ማለት ይችል ነበር እኮ።

በነጋታው አዲስ ሬዚስታንስ አስገባ። የመሬቱን ሽቦ መልሶ አሰረ። አሮጌውን ዕቃ ሳልጠይቀው እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ሄደ ስንል አልሄደም። አራት ዙር ሳህን እስኪታጠብ ቆሞ ሙቀቱን አየ፣ የማሽኑን ገላ በቴስተር ለካ። እማማን እንዲነኩት የፈቀደላቸው ከዚያ በኋላ ነው። ያ ነጭ ነገር ሳይጠነክር በየጊዜው እንዴት እንደሚጸዳም ያሳየው ለእሳቸው ነው።

ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለ ባለሙያ አለ። ጨዋ ነው፣ ሥራውን ያውቃል፣ ሰው ያከብራል። የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ያስቸገራችሁ ሁሉ እሱን ጥሩ። ስልኩን እንድሰጥ ፈቅዶልኛል፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ኩሽናችሁ ውስጥ «ነዘረኝ» የሚል ሰው ካለ ደግሞ ነገ አትበሉ። አሁኑኑ ኮረንቲውን ከሳጥኑ አጥፉና ደውሉለት። እንደኔ ጓንት አታዙ።

ማሽኑ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ብሬከር አላወረደም። ይህን እንድጽፍ የጨቀጨቁኝ እማማ ናቸው። አሁንም አጠገቤ ቆመው «ወንበር ማቅረቡንስ ጻፍሽው?» እያሉኝ ነው።