ናሙና ተቀብለው ወደ ውጭ ከሚልኩ የአዳማ የሕክምና ምርመራ ቤቶች ውጤት ስትወስዱ ገጹን ቁጠሩ

ይህን የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድ ነው። እነዚህን ቤቶች ታውቋቸዋላችሁ፤ ክፍያ በቅድሚያ፣ ደረሰኝ በልመና፣ «በሁለት ሳምንት» የተባለው ውጤት በአምስተኛው። የእናቴ የአንገት ንፍፊት በፓቶሎጂ ታይቶ «ሊምፎማ ያጠራጥራል» (የሊምፍ ካንሰር ማለት ነው) ሲባል፣ ከመካከላቸው አንዱ የክሎናሊቲ ምርመራ፣ ማለትም ሴሎቹ ከአንድ ሴል የተባዙ መሆናቸውን የሚያየው ምርመራ፣ ነገሩን ቁርጥ እንደሚያደርገው ነገረኝና ከዕቁብ የደረሰኝን 42,000 ብር ቆጥሬ ሰጠሁ።

ውጤቱን ልወስድ በሄድኩበት ቀን፣ እንግዳ ተቀባይዋ ስልኳን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል ይዛ እያወራች በስቴፕለር የተያያዙ ሁለት ወረቀቶች አነሳች፤ የፊተኛውን ገንጥላ ሰጠችኝና ሌላውን ፋይል ውስጥ ከተተችው። ከግርጌው «ገጽ 1 ከ 2፤ ለትርጓሜው ቀጣዩን ገጽ ይመልከቱ» ይላል። ሁለተኛውን ስጠይቃት ቀና እንኳ ሳትል «ጋሼ፣ እሱ የማሽን ነገር ነው፣ ምን ያደርግልዎታል? ፖዘቲቭ ነው፣ ዋናው እሱ ነው» አለችኝ። ሃያ ዓመት ያስተማርኩት ሰውዬ፣ ያንን መስመር በዓይኔ እያነበብኩ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ እህል በወጉ አልቀመሰችም፤ እኔም ቤቱን ላሻሽጥ ደላላ ጠራሁ።

አዲስ አበባ ያየቻት የደም ሐኪም ወረቀቱን ገልብጣ «ቀሪውስ?» አለች። ሦስት ቀን በስልክ ተጨቃጭቄ በቴሌግራም በተላከልኝ ገጽ ላይ «ፖዘቲቭ» የሚል ቃል የለም። ምርመራው በእያንዳንዱ ቱቦ ሁለት ሁለት ጊዜ የሚሠራው፣ እውነተኛ ክሎን (ከአንድ ሴል የተባዛ ስብስብ) ካለ በሁለቱም ግራፍ ላይ በአንድ ዓይነት የዲኤንኤ ርዝመት ላይ ጫፍ ስለሚያወጣ ነው፤ የእናቴ ግን በአንዱ እዚህ፣ በሌላው እዚያ ነው የወጣው። በናሙናው ውስጥ ያሉት ሊምፎሳይቶች (የነጭ ደም ሴል ዓይነት) ሲያንሱ እንዲህ ያለ የውሸት ጫፍ እንደሚታይ፣ ዲኤንኤው በፎርማሊን ተቆራርጦ ከ200 ቤዝ ጥንድ (የዲኤንኤ ርዝመት መለኪያ) በላይ እንዳልተነበበ፣ ከፓቶሎጂው ጋር ሳይገናዘብ ድምዳሜ እንደማይሰጥበትና ናሙናው መደገም እንዳለበት ተጽፏል። እውነተኛ ክሎን ቢገኝ እንኳ ብቻውን ካንሰር ማለት እንዳልሆነ፣ አንዳንድ ኢንፌክሽንም ሊያመጣው እንደሚችል ሐኪሟ አስረዳችኝ። ዩሮክሎናሊቲ የተባለው የአውሮፓ ቡድን በ2012 ባወጣው መመሪያም የየቱቦው ንባብና አጠቃላዩ ትርጓሜ ተለይተው እንዲጻፉ ይጠይቃል፤ እኔ የተከለከልኩት እንግዲህ ትርጓሜውን ነው።

ገንዘቤን ስጠይቅ ሥራ አስኪያጁ «ምርመራው ተሠርቷል» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ሙሉውን ውጤት ሳትይዙ ከመስኮቱ አትነሱ፤ የፓቶሎጂውን ወረቀትም ከናሙናው ጋር አስልኩ። እናቴ ሰኞ እንደገና ናሙና ትሰጣለች።