ማሽኑን መሸጥ ወይስ ሥራውን?

አንድ ፋብሪካ የአየር ኮምፕረሰር፣ ማለትም አየር የሚያምቅ ማሽን፣ ያመርታል እንበል። የለመደው መንገድ ግልጽ ነው። ማሽኑን ይሸጣል፣ ገንዘቡን ይቀበላል፣ ዋስትናው ሲያልቅ ይለያያሉ። ከዚያ በኋላ የሚያገኘው ከመለዋወጫና ከጥገና ነው። ልብ በሉ፣ ማሽኑ በተበላሸ ቁጥር ሻጩ ያተርፋል።

ሁለተኛው መንገድ ይህን ይገለብጠዋል። ማሽኑ የአምራቹ ንብረት ሆኖ ይቆያል፤ ደንበኛው የሚከፍለው ለተጠቀመው የታመቀ አየር ብቻ ነው። ማሽኑ ላይ የተገጠሙ ሴንሰሮች (መለኪያዎች) ሙቀቱን፣ ግፊቱንና ንዝረቱን በኢንተርኔት ይልካሉ። የሚሽከረከረውን ዘንግ የሚደግፈው ኩሽኔታ መበላት ሲጀምር ንዝረቱ ይለወጣል፤ ቴክኒሻኑም ማሽኑ ከመቆሙ በፊት ደርሶ ይቀይረዋል። አሁን ብልሽቱ የአምራቹ ኪሳራ ነው።

ሐሳቡ ከኢንተርኔት ይቀድማል። ብሪስቶል ሲድሊ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ1962 እ.ኤ.አ. የአውሮፕላን ሞተር ጥገናን በበረራ ሰዓት ማስከፈል ጀምሮ ነበር። ኋላ ሌላው የሞተር አምራች ሮልስ ሮይስ ኩባንያውን ገዝቶ አሠራሩን አስፋፋው።

ጣጣው ገንዘቡ ላይ ነው። ሽያጭ ገቢውን ባንዴ ያመጣል። በአገልግሎት ግን ወጪው ዛሬ ነው፣ ገቢው ለዓመታት እየተንጠባጠበ ይመጣል። ካፒታል የሌለው መሃል ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል።

ሁሉም ነገር በኪራይ አይሆንም ደግሞ። ቢኤምደብሊው መኪናው ላይ ቀድሞ ለተገጠመ የወንበር ማሞቂያ ወርሃዊ ክፍያ ሞክሮ፣ ደንበኞች ሲያጉረመርሙ በ2023 ተወው። እውነታቸውን ነው!

እኔ ብሆን ቆሞ ሲውል ብዙ የሚያከስር ማሽን ላይ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ርካሽ መሣሪያ ከሆነ ሽጦ መገላገል ይሻላል። ደንበኛው ግን ከመፈረሙ በፊት ሴንሰሩ የሚሰበስበው መረጃ የማን እንደሆነ ውሉ ላይ ይፈልግ።