ከክብደት መቀነሻ ቀዶ ጥገና በፊት ያለው ዝግጅት፦ በሜሪላንድ የተከታተልኩት የሆስፒታል መርሐ ግብር ግምገማ

ባለፈው ዓመት በሜሪላንድ ግዛት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ በማይርቅ አንድ ሆስፒታል፣ ጨጓራን በማሳነስ ክብደት የሚቀንሰውንና በተለምዶ “ስሊቭ” የሚባለውን ቀዶ ጥገና አድርጌያለሁ። የምገመግመው ግን ቀዶ ጥገናውን ራሱን ሳይሆን ከእርሱ በፊት ለአሥር ወራት የተከታተልኩትን የክብደት መቀነስ መርሐ ግብር ነው። ስለ ቀዶ ጥገናው የሚያወራ ሰው አይጠፋም፤ ስለ ዝግጅቱ ግን በአማርኛ የሚያስረዳኝ ባለማግኘቴ ብዙውን ጊዜ በጭንቀት አሳልፌያለሁ። በመጀመሪያው ቀጠሮ “ከቀዶ ጥገናው በፊት ክብደት መቀነስ ይኖርብዎታል” ስባል የመጣልኝ ሐሳብ “መቀነስ ብችልማ ኖሮ ምን ወደ እናንተ አመጣኝ?” የሚል ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ የሚያደናግረው “ቅድመ ዝግጅት” በሚል አንድ ስም የሚጠሩት ነገሮች ሁለት ስለሆኑ ነው፤ አንደኛው የኢንሹራንስ ኩባንያው የሚጠይቀው የወራት ክትትል ሲሆን፣ ሌላው ቀዶ ሐኪሙ ለቀዶ ጥገናው ደኅንነት ሲል የሚያዝዘው የሁለት ሳምንት ጥብቅ አመጋገብ ነው። ይህን ልዩነት በመጀመሪያው ቀን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

መርሐ ግብሩን ስጀምር ክብደቴ 124 ኪሎ፣ ቁመቴ 1.63 ሜትር ነበር፤ ይህም ቢኤምአይ የሚባለውን፣ ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያነጻጽረውን ልኬት ወደ 47 ያደርሰዋል። ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታና በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቆራረጥም ነበረብኝ። በአሜሪካ ለሠላሳ ዓመታት ያህል ሲሠራበት የቆየው መመዘኛ በ1991 የወጣው ሲሆን፣ ቢኤምአዩ 40 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ወይም 35 ደርሶ ከባድ ተጓዳኝ ሕመም ያለበት ሰው ለቀዶ ጥገናው ብቁ ነው ይል ነበር። በ2022 የአሜሪካ የሜታቦሊክና የባሪያትሪክ (የክብደት መቀነሻ) ቀዶ ሕክምና ማኅበር ከዓለም አቀፉ አቻው ጋር ሆኖ መመዘኛውን ሲያሻሽል፣ 35 የደረሰ ሰው ተጓዳኝ በሽታ ባይኖርበትም እንዲታከም መክሯል። የእኔ ኢንሹራንስ ግን ይሠራ የነበረው በአሮጌው መመዘኛ ነው። ከዚህ የተነሣ “በዝግጅቱ ወቅት ብዙ ብቀንስ ከመመዘኛው ወርጄ ቀዶ ጥገናውን እከለከላለሁ” የሚል ፍርሃት አድሮብኝ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት እየሰጋሁ ነበር የምበላው። የሚታየው በመጀመሪያው ቀጠሮ የተመዘገበው ክብደት መሆኑን ኢንሹራንሱ በጽሑፍ ካረጋገጠልኝ በኋላ ብቻ ነው ልቤ ያረፈው። ደንቡ ከኢንሹራንስ ኢንሹራንስ ሊለያይ ስለሚችል፣ ይህን ማረጋገጫ እያንዳንዱ ሰው ራሱ ቢያስጽፍ ይሻላል።

የወራቱ ክትትል ስድስት ተከታታይ ወርኃዊ ቀጠሮዎችን ይጠይቃል። “ተከታታይ” የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ የገባኝ ሦስት ወር ተከታትዬ አራተኛውን በሥራ ፈረቃ ለውጥ ምክንያት ባመለጥኩ ጊዜ ነበር፤ ቆጠራው እንደገና ከአንድ ጀመረ። ስድስት ወር የነበረው አሥር ወር የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ በየቀጠሮውም ኮፔይ የሚባለውን ድርሻዬን ከፍያለሁ። ቀጠሮ የምታስይዘው ሠራተኛ በአሥር ቀን ውስጥ ምትክ ቀጠሮ ብትሰጠኝ ወሩ ሳያልቅ መድረስ እችል ነበር፤ እርሷ ግን ለቀጣዩ ወር መዝግባ አሰናበተችኝ፤ የሚያስከትለውንም አልነገረችኝም። ከዚህ የከበደኝ ደግሞ፣ ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የሙያ ማኅበር ራሱ በኢንሹራንሶች ትእዛዝ የሚደረግ እንዲህ ያለ የወራት ክትትል በማስረጃ ያልተደገፈ ነው ብሎ በ2016 አቋሙን በጽሑፍ ማውጣቱን በኋላ መረዳቴ ነው። የስኳር በሽታ ላለበት ሰው አራት ወር መዘግየት ቀላል ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ እነዚያ ወራት ባዶ ነበሩ ማለት ፍትሐዊ አይሆንም፤ ባዶ እንዳይሆኑ ያደረገችው ደግሞ የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ናት። በመጀመሪያ የሰጠችኝ የምግብ ዝርዝር ሩዝ፣ ፓስታ፣ ድንችና የተቆረጠ ዳቦ እንጂ እንጀራ የሚባል ነገር አልነበረበትም፤ ስለዚህ ለእኔ ቤት ምንም አይጠቅምም ነበር። ይህን ስነግራት አልተከላከለችም። በሚቀጥለው ቀጠሮ አንድ እንጀራ ይዤ እንድመጣ ጠየቀችኝ፤ በሚዛን ለካችው፤ ከምን ዱቄት እንደተጋገረም ጠየቀችኝ። እዚህ ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው እንጀራ ብዙ ጊዜ ጤፉ ከስንዴ ወይም ከገብስ ጋር የተደባለቀ መሆኑን ሳስረዳት ማስታወሻ ያዘች። ከዚያም ስለ አበላላችን ጠየቀችኝ፤ እኔም ቤተሰቡ በሙሉ ከአንድ ትሪ እንደሚበላ፣ እንጀራው ከሥር ተነጥፎ ወጡ ከላይ እንደሚፈስ፣ ቁራሽ እየተጨመረ ጉርሻም እየታከለበት ማን ምን ያህል እንደበላ ሊታወቅ እንደማይችል ነገርኳት። “እንግዲያው የእርስዎ ችግር እንጀራው ሳይሆን መጠኑ አለመታየቱ ነው” አለችኝ። በእኔ ግምት በአሥሩ ወራት ውስጥ የሰማሁት ትልቁ ምክር ይህ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የእኔ ድርሻ በትንሽ ሳሕን ለብቻው ይቀርባል፤ መጀመሪያ ሥጋው ወይም እንቁላሉ፣ ቀጥሎ ጎመኑ፣ በመጨረሻም የተለካችው ቁራሽ እንጀራ። እናቴ “ልጄ፣ ከሰው ተለይቶ መብላት ምን ይባላል?” ብላ ማዘኗን አልደብቅም፤ ጥቂት ሳምንታት ከወሰደ በኋላ ግን ሳሕኔን ራሷ ማቅረብ ጀመረች።

በዚያው ወቅት ከቀዶ ጥገናው በኋላ የግድ የሚሆኑትን ልማዶች አስቀድሜ ተለማመድኩ፦ ምግብን በደንብ አላምጦ ቀስ ብሎ መብላት፣ ከምግብ ጋር ውኃ አለመጠጣት፣ በቡና ላይ ስኳር መተው። ሦስት ስኒ ቡና፣ በእያንዳንዱም ሁለት ማንኪያ ስኳር ስጠጣ ኖሬ “እኔ እኮ ጣፋጭ አልወድም” እል እንደነበር ያስተዋልኩት ያን ጊዜ ነው። በአሥሩ ወራት የቀነስኩት ሰባት ኪሎ ብቻ ነው፤ ባለሙያዋም ቁጥሩ ትንሽ ነው ብላ አንድም ቀን አላሳፈረችኝም።

ወደ ሁለተኛው ዝግጅት ስመጣ፣ ይህኛው ግልጽ የሆነ አካላዊ ምክንያት አለው። ቀዶ ጥገናው የሚሠራው ሆድ በሰፊው ተከፍቶ ሳይሆን በትንንሽ ቀዳዳዎች በሚገቡ መሣሪያዎች ነው። የጉበት ግራ ክፍል ጨጓራው ላይ ተጋድሞ ስለሚገኝ፣ ሐኪሙ ከሥራው በፊት ጉበቱን በመሣሪያ ወደ ላይ ማንሣት ይኖርበታል። ብዙ ውፍረት ያለበት ሰው ጉበት ደግሞ ስብ ስለሚይዝ ትልቅና ከባድ ይሆናል፤ ሲያነሡትም በቀላሉ ሊደማ ይችላል። ጉበት ስኳርን ግላይኮጅን በሚባል መልክ ያከማቻል፤ እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅንም ሦስት ግራም ያህል ውኃ አብሮ ይይዛል። ዱቄትና ስኳር ከምግብ ሲቀነሱ ሰውነት መጀመሪያ የሚያወጣው ይህን ክምችት ከነውኃው ነው፤ ስቡም ይከተላል፤ ጉበቱ ይሟሽሻል። በ2006 የታተመ፣ 32 ሰዎች ለአሥራ ሁለት ሳምንት በጣም ዝቅተኛ ካሎሪ ያለው አመጋገብ የተከታተሉበት የአውስትራሊያ ጥናት፣ የጉበታቸው መጠን በአማካይ 19 በመቶ ያህል መቀነሱንና ከቅነሳው 80 በመቶ የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት መከሰቱን አሳይቷል። ቀዶ ሐኪሞች “ሁለት ሳምንት” የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም። በ2011 የወጣ፣ 273 ታማሚዎች የተሳተፉበት ሌላ ጥናትም፣ አሥራ አራት ቀን በዚህ አመጋገብ ያለፉት ሰዎች ቀዶ ጥገናው ለሐኪሞቹ እንደቀለለና ከዚያ በኋላ ባለው አንድ ወር የገጠማቸው ችግር እንዳነሰ አመልክቷል።

የእኔ ትእዛዝ በቀን አራት የፕሮቲን መጠጥ፣ ማታ ደግሞ ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ ስብ የሌለው ሥጋ ወይም ዓሣ ከአረንጓዴ አትክልት ጋር ነበር፤ ድምሩ ከ800 እስከ 1,000 ካሎሪ ይደርሳል። መጠጡ ጣፋጭነቱ ይበዛል፤ በበረዶ ሲመታና የቡና ጣዕም ያለው ሲሆን ይሻላል። የመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ራስ ምታትና ድካም ያመጣሉ፤ የሆድ ድርቀትም አለው። ከአምስተኛው ቀን በኋላ ረኃቡ እየበረደ ሄደ።

ከዚህ መርሐ ግብር ይቅር ለማለት የሚከብደኝ ጉድለት የተፈጠረውም በእነዚህ ቀናት ነው። እስከዚያ ድረስ ለስኳሬ ሜትፎርሚንና ግሊፒዛይድ እወስድ ነበር። ግሊፒዛይድ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚገፋ መድኃኒት ስለሆነ፣ ምግብ በድንገት ሲቀንስ መጠኑ ካልተስተካከለ የደም ስኳርን ከሚገባው በታች ያወርዳል። ኢንሱሊን ለሚወጋ ሰው አደጋው ይብሳል። የአመጋገብ ወረቀቱ ግን ስለ መድኃኒት አንድ መስመር አልነበረውም፤ የቀዶ ሕክምናው ክፍል የቤተሰብ ሐኪሜ የሚነግረኝ መስሎት፣ የቤተሰብ ሐኪሜ ደግሞ አመጋገቡ መጀመሩን እንኳ ሳያውቅ ቀርቷል። በሦስተኛው ቀን ሌሊት በላብ ተጠምቄ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነቃሁ፤ የደም ስኳሬን ስለካው 62 ነበር፤ ከ70 በታች ዝቅተኛ ነው። ልጄ ግማሽ ኩባያ የብርቱካን ጭማቂ ሰጠችኝ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ስንለካው ከፍ አለ። በማግስቱ ጠዋት ሐኪሙ ግሊፒዛይዱን አስቆመኝ። ብቻዬን የምኖር ብሆን ኖሮ ያ ሌሊት እንዴት ያልፍ እንደነበር ሳስበው አሁንም ያስፈራኛል። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሁሉ፣ የመጀመሪያውን መጠጥ ከመጠጣቱ በፊት “የትኛው መድኃኒት ይቀነስ፣ የትኛው ይቁም፣ ከመቼ ጀምሮ?” ብሎ ጠይቆ መልሱን ማስጻፍ አለበት።

ለእኛ ምእመናን የሚነሣ አንድ ጉዳይም አለ። የእኔ ሁለት ሳምንት በዐቢይ ጾም ውስጥ ነበር የዋለው። አንዳንድ ዘመዶቼ “ጾሙን ከያዝሽ ይኸው አይደል ወይ?” ብለውኛል፤ ግን አይደለም። በጾም የምንበላው እንጀራ፣ ሽሮ፣ ዳቦና ዘይት ስለሆነ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቢጾምም እንኳ ጉበት ያከማቸውን ያን ያህል አያራግፍም፤ ፕሮቲኑም ያንሳል። አብዛኞቹ የፕሮቲን መጠጦች ደግሞ ከወተት ተዋጽኦ የሚሠሩ ናቸው። የንስሐ አባቴን ሳማክራቸው “ልጄ፣ ይህ ለአንቺ መድኃኒትሽ ነው፤ እንደ ታዘዝሽው ውሰጂ” ብለው ፈቀዱልኝ። ጾሙን መጠበቅ ለሚፈልግ ከአኩሪ አተር ወይም ከአተር የተሠሩ መጠጦች መኖራቸውን የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ነግራኛለች። የእርሷ ወረቀት ግን ስለዚህ ምንም አይልም፤ ሐኪም ዘንድ ደፍሮ የማያነሣ ሰው መንገዱን አያገኘውም።

የትርጉም አገልግሎቱ መካከለኛ ነበር። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ብቁ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ ስለሚጠበቅባቸው፣ በየቀጠሮው በስልክ የአማርኛ አስተርጓሚ ይቀርብልኝ ነበር፤ አብዛኞቹ ትሑትና ጥንቁቅ ነበሩ። በሥነ ልቦና ግምገማው ቀን ግን መስመሩ ሦስት ጊዜ ተቋረጠና ልጄ እንድትተረጉም ተጠየቀች። ስለ ትዳርና ስለ ሐዘን የሚጠየቅን ጥያቄ እናት በልጇ አፍ እንድትመልስ ማድረግ ተገቢ አይደለም፤ እንቢ ብዬ ቀጠሮው እንዲዛወር አደረግሁ።

ቀዶ ጥገናው በሚደረግበት ጠዋት 112 ኪሎ ነበርኩ፤ አምስቱ ኪሎ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት የቀነስኩት ነው። ቀዶ ሐኪሙ ማታ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ጉበቴ በቀላሉ እንደተነሣና ሥራው እንዳልከበደው ነገረኝ፤ በማግስቱም ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ስለዚህ የሁለት ሳምንቱን አመጋገብ ሳልጠራጠር እመክራለሁ፤ ለሥነ ምግብ ባለሙያዋ ከአምስት አምስት እሰጣለሁ፤ ለቀጠሮ አያያዙ ሁለት። ለመድኃኒቱ ክትትል አንድም መስጠት ይከብደኛል።

ስለዚያ ሌሊት ለሆስፒታሉ በጽሑፍ ቅሬታ አቅርቤ ነበር። ከሦስት ወር በኋላ የአክስቴ ልጅ በዚያው መርሐ ግብር ስትመዘገብ የተሰጣትን ወረቀት አሳየችኝ፤ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው አመጋገቡን ከመጀመሩ በፊት እንዲደውል የሚያዝዝ መስመር በደማቅ ቀለም ተጨምሮበታል። ወረቀቱ ግን አሁንም በእንግሊዝኛ ብቻ ስለሆነ፣ መስመሩን በእጄ በአማርኛ ጽፌላት ማቀዝቀዣዋ ላይ ለጥፈነዋል።