የኢንፍሉዌንዛ ፕሮቲን ስትገዙ፦ የባክቴሪያው ወይስ የሰው ሴሉ?

በሁለት ወር ውስጥ አራት ተማሪዎች ያንኑ ጥያቄ ይዘው መጡብኝ። «ለኤላይዛ ኤችኤ ልገዛ ነው፣ የቱ ይሻለኛል?» ኤችኤ (ሄማግሉቲኒን) የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ከላዩ የሚሸከመው ፕሮቲን ነው፤ ኤላይዛ ደግሞ ፕሮቲኑን ባለ 96 ጉድጓድ ፕሌት ላይ ቀብቶ ሴረም (ከደም የሚለይ ፈሳሽ) ውስጥ ያለውን አንቲቦዲ በቀለም የሚለካ ምርመራ ነው። ሁሉም ሁለት ሦስት ፕሮፎርማ ይዘዋል፣ የሁሉም ዓይን ያረፈው ርካሹ ላይ ነው። እኔም ርካሹን ገዝቼ ስድስት ወር ስለተቃጠለብኝ ያየሁትን ልጻፈው።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ገንዘቡ ካለ በሰው ሴል፣ በኤችኢኬ 293፣ የተሠራውን ግዙ። ሙሉው ኤችኤ ይሁን፣ ሦስት ሦስት ሆኖ የተያያዘ፣ ልክ ቫይረሱ ላይ እንዳለው። ካልተቻለ በባኩሎቫይረስ (ነፍሳትን በሚይዝ ቫይረስ) አማካይነት በነፍሳት ሴል የተሠራውን። በባክቴሪያ፣ በኢ. ኮላይ፣ የተሠራውን ኤችኤ1 (የኤችኤውን ቁራጭ) ግን ለሴረም ሥራ አትግዙ።

ያኔ የፈለግኩት የኤ/ካሊፎርኒያ/07/2009 (የ2009ኙ ወረርሽኝ ኢንፍሉዌንዛ ዝርያ) ኤችኤ ነበር። አንዱ ሻጭ 100 ማይክሮግራሙን 450 ዶላር አለ፣ ሌላው 180። ሁለቱም ወረቀት ላይ «በአጥቢ ሴል የተሠራ» ይላል። ታዲያ ማን 450 ይከፍላል? 180ውን አዘዝኩ። መጣ፣ ፕሌት ቀባሁ፣ ሴረም ጨመርኩ። ጥሩ አንቲቦዲ እንዳለው የማውቀው ሴረም እንኳ ከባዶው ጉድጓድ እምብዛም የማይለይ የገረጣ ቢጫ ሰጠኝ። ወር ሙሉ ጥፋቱን ሁለተኛው አንቲቦዲ (ቀለሙን የሚያመጣው) ላይ፣ ማጠቢያው ላይ፣ እጄ ላይ ስፈልግ ከረምኩ። በመጨረሻ ፕሮቲኑን በክብደት በሚለየው ጄል ላይ ጫንኩት። አንድ ወፍራም ባንድ፣ 37 ኪሎዳልተን አካባቢ። ስኳር ያልተሸከመ ኤችኤ1 የሚቀመጠው እዚያ ነው። በሰው ሴል የተሠራ ቢሆን ስኳሩ አክብዶት ከዚያ በላይ ይወጣ ነበር። የባክቴሪያ ዕቃ ላይ ሌላ ወረቀት ለጥፈው ሸጠውልኛል። ብጽፍላቸው «ሎቱ (የምርት ዙሩ) ተቀይሯል» አሉኝ፣ ብሩ ግን አልተመለሰም።

አሁን ሒሳቡን ተመልከቱ፣ ዋናው ነገር እሱ ነው። ዋጋን በብልቃጥ ሳይሆን በፕሌት ቁጠሩ። ጥሩው ፕሮቲን በሚሊሊትር 1 ማይክሮግራም ተቀብቶ ይበቃል፣ በየጉድጓዱ 100 ማይክሮሊትር ከሆነ ለ96ቱ 10 ማይክሮግራም ግድም ነው። ስለዚህ 450 ዶላሩ አሥር ፕሌት ያወጣል፣ አንዱ 45 ዶላር። የኔን ርካሽ ፕሮቲን ግን ትንሽ ምልክት እንዲሰጠኝ በሚሊሊትር ወደ 5 ማይክሮግራም ከፍ አደረግኩት። 100 ማይክሮግራሙ በሁለት ፕሌት አለቀ። አንዱ 90 ዶላር! እጥፍ ከፍዬ የማይረባ ውጤት ገዛሁ ማለት ነው።

ባክቴሪያ ስኳር አይጨምርም፣ ፕሮቲኑም ብዙ ጊዜ ተጨማድዶ ይወጣና እንደገና መታጠፍ አለበት። ኤችኤ1 ደግሞ የኤችኤው ጭንቅላት ብቻ ነው ማለት ይቻላል፣ ሙሉው ግንድ የለውም፤ ስለዚህ እንደ ሲአር6261 ያለ ግንዱን የሚይዝ አንቲቦዲ የምትፈትኑ ከሆነ ምንም አታዩም። ለዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኑን ጄል ላይ ለይቶ በአንቲቦዲ ለሚፈልገው ዘዴ) ግን ይሆናል፣ እዚያ ቅርጹ ፈርሶ ነው የሚሮጠው።

የነፍሳት ሴሉን አትናቁት። እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ፍሉብሎክ የተባለው ክትባት ኤችኤው የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ስኳሩ ከሰው ሴሉ ያጠረ ቢሆንም ቅርጹ ጥሩ ነው፤ ዋጋው ካነሰ እኔም እወስዳለሁ።

አንድ ወጥመድ አለ። ሦስቱን ኤችኤ የሚያያይዘው ብዙ ጊዜ ፎልዶን የሚባል ቁራጭ ነው፣ ከባክቴሪያ ቫይረስ የተወሰደ። አይጥ በፎልዶን ኤችኤ ከከተባችሁ በኋላ ፕሌቱን በዚያው ከቀባችሁ አይጧ በፎልዶኑና በሂስ ታጉ (ፕሮቲኑን ለማጣራት ጫፉ ላይ በሚቀጠለው ቁራጭ) ላይ የሠራችው አንቲቦዲም ይቆጠርላችኋል። ለፕሌቱ ሌላ ማያያዣና ሌላ ታግ ያለው ፈልጉ።

ኒዩራሚኒዴዝ (ሌላውን የቫይረሱን የላይ ፕሮቲን) የምትገዙ ደግሞ አራት ሆኖ የተያያዘውን፣ የኤንዛይም ሥራው የተለካለትን ብቻ። ካልሲየም ይፈልጋል፣ ኢዲቲኤ (ካልሲየምን የሚነጥቅ ኬሚካል) ያለበት ቡፈር ውስጥ እንዳትከቱት።

አዲስ አበባ ላለን ሌላም ነገር አለ። በረዶ የሆነውን ሳይሆን የደረቀውን ዱቄት እዘዙ። አንድ ጊዜ የመጣልኝን ሳጥን ስከፍት ድራይ አይሱ ተንኖ አልቆ ብልቃጡ ውስጥ ፈሳሽ ብቻ ነበር። ዱቄቱን ስታሟሙ በቮርቴክስ ማሽን አትናጡት፣ ግማሽ ሰዓት ይቀመጥ፣ ከዚያ በትናንሽ ቱቦ ከፋፍላችሁ ማይነስ 80 አስገቡት። መብራት በሄደ ቁጥር እየቀለጠ የሚረጋ ፕሮቲን ወር አይቆይም። ማጓጓዣው አንዳንዴ ከፕሮቲኑ ስለሚበልጥ ከጎረቤት ላብራቶሪ ጋር አንድ ላይ እዘዙ። ከሁሉ በፊት ደግሞ የቢኢአይ ሪሶርስስን (የምርምር ዕቃ የሚያከፋፍል የአሜሪካ ተቋም) ዝርዝር እዩ፤ ለተመዘገቡ ተመራማሪዎች የኢንፍሉዌንዛ ፕሮቲን ሲያከፋፍል የኖረ ነው።

ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ሻጩን የዚያኑ ሎት ጄል ፎቶ ጠይቁት፣ የናሙና ፎቶ አይደለም። እኔ ያንን ካልላከ ሻጭ አልገዛም።